ከቀበና ወንዝ እስከ ሮቶ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዙ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስንት ኪሎ እንደሚያጥብ ነው። ቀጥሎ ስለ ዋስትናው ያወራል። የአራዳ ልጅ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ውሃ ሲጠፋስ?

ጥያቄው ከማሽኑ በዕድሜ ይበልጣል። ድሮ ከተሜው ልብሱን ይዞ ቀበና ወይ ግንፍሌ ይወርድ ነበር። ይወርድ ነበር አልኩ እንጂ የሚወርዱት ሴቶቹ ናቸው። ሳሙናቸውም እንዶድ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ሸማውን ያነጣዋል።

ስለ እንዶድ ካነሳን አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚፈጀው እንዶዱ ኖሯል! ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል። የአጣቢዎቹን ስም ግን ማንም አልመዘገበውም።

ቧንቧስ? እ.ኤ.አ. በ1894 ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ ስቦ አመጣ፤ የገባው ግን ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ተራው ሰው ጋ ሲደርስ ቦኖ ሆነ፣ ወረፋ ሆነ። የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶም የፒያሳ ግቢዎች አንድ ቧንቧ ለስንት ቤት ሲካፈሉ ኖረዋል። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ጀሪካኑም አብሯቸው ገባ፤ ውሃው በፈረቃ ነዋ!

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ አውቶማቲኩ ውሃውን ራሱ ስለሚስብ ግፊት ይፈልጋል። ሮቶው ከማሽኑ ብዙም ከፍ ካላለ ውሃው ጉልበት ያጣል፣ ማሽኑም ሲጠብቅ ይውላል። ከፊት የሚከፈተው ከላይ ከሚከፈተው ያነሰ ውሃ ይበቃዋል፤ ሮቶ ላለው እሱ ይሻላል። ሮቶ ለሌለው ደግሞ ያ ብዙ ሰው የሚንቀው ባለ ሁለት ገንዳ ሴሚ አውቶማቲክ አለ። በባልዲ ትሞሉታላችሁ፣ የመጨረሻውን እጣቢ ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ ታስቀምጣላችሁ። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው።

አንድ ነገር ግን አለው። ውሃውን የሚያመላልስ፣ እርጥቡን ልብስ ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚያዛውር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ብሩ ሳይከፈል ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት፤ ወንድሞቻችሁም ባሉበት።