ስለ ሥዕል ሙያና ስለ አባትነት፤ የአለቃ ደስታና የልጃቸው የገብረ ክርስቶስ ታሪክ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በዞብል ተራራና በደጋው ግርጌ መካከል በተዘረጋው በቆቦ ሜዳ፥ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ድንጋይ ያቀረበ፥ እንጨት የቈረጠ፥ ገንዘብ ያዋጣ ምእመን ሁሉ በኢዮቤልዩ ቀን ይመሰገናል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን የሣለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። ሥዕሉን የሚሳለመው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ሰዓሊው ማን እንደ ነበረ፥ ልጆቹን በምን እንዳሳደገ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ አይደለም። የደብተራ ኦሪትን ሥራ የሠራው ባስልኤል ከነአባቱ ስም፥ የኡሪ ልጅ ተብሎ ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስም የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ሣለ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። ስለዚህ ስሙና ልጁ የታወቀለትን አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ማስታወስ፥ ስማቸው ያልተጻፈላቸውን ሰዓሊዎች ሁሉ እንደ ማስታወስ ይቈጠራል። እኒህም ሰው የሐረሩ አለቃ ደስታ ናቸው።

አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና መምህር፥ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል የሚያስጌጡ ባለ ሙያ ነበሩ። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ባስተዳደሩትና በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ባረፉት በልዑል ራስ መኰንን ዘመን በአገልግሎት እንደ ነበሩ ይነገራል።

ፍየል በሚረባበት በራያ ቆላ የቆዳ ዋጋ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ያ ቆዳ ብራና እስኪሆን ድረስ ያለውን ድካም ግን የሚያውቀው ባለ ሙያው ብቻ ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ከደረቀ በኋላም ተቈርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን፥ ለቅዱሳንም ስም ይጠበቃል። ጸሐፊው በመቃ ብርዕ ከጻፈ በኋላ ሰዓሊው ይቀጥላል፤ ጻድቁን በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት እያየ፥ ኃጥኡን ግን በአንድ ዐይን ወደ ጎን ዞሮ ይሥለዋል። በዚህ ሥራ የሚቸኩል ሰው ብራናውንም ቀለሙንም ያበላሻል።

ለአለቃ ደስታ በሸመገሉበት ዘመን፥ በ1924 ዓ.ም. ገብረ ክርስቶስ ተወለደላቸው። እናቱ ወይዘሮ አጸደ ማርያም ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሊቅነታቸውና ሙያቸው የሚፈልጋቸው እኒህ ሽማግሌ፥ እናት የሌለውን ሕፃን የማሳደግ ሸክም ወደቀባቸው። በዚያ ላይ ልጁ ጥቂት ከፍ እንዳለ ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ወረረ። በዚህ ሁሉ መካከል ገብረ ክርስቶስ ቀለምንና መስመርን አስቀድሞ ያወቀው በአባቱ ቤት ነው። የመጀመሪያ የሥዕል መምህሩ አባቱ ነበሩ።

ልጁ አድጎ በሐረርና በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተማረ። ወደ ከፍተኛ ትምህርትም ገብቶ የእርሻን ዕውቀት መከታተል ጀምሮ ነበር። ይህ መንገድ እንጀራውን የሚያበስልለት ይመስል ነበር፤ እርሱ ግን ትቶት ወደ ሥዕል ተመለሰ። ወደ ጀርመን አገር ሄዶ እስከ 1953 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ የሥዕል ጥበብ አጠና። በ1954 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ይህንንም ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ናቸው።

ገብረ ክርስቶስ ይዞት የመጣው የአሣሣል ዐይነት በሀገር ያልተለመደ ስለ ነበረ፥ የባዕድ ነው ብለው የነቀፉት ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1955 ዓ.ም. ከሣላቸው ሥራዎች አንዱ «ጎልጎታ» የተባለው፥ ቀይ ቀለም የገነነበት የስቅለት ሥዕል ነው። መልኩ እንደ ጥንቱ የብራና ሥዕል አይደለም፤ ነገሩ ግን አባቱ በመጻሕፍት ላይ ይሥሉት የነበረው፥ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚታየው ያው የመድኃኔ ዓለም ሕማም ነው። ልጅ ከአባቱ ሥራ መልክ ሲርቅ ከአባቱ ትምህርት ርቋል ማለት እንዳይደለ ይህ ሥዕል ያስረዳል። በኋላም በሥዕል ሥራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር። በዘመነ ደርግ ከሀገሩ ወጥቶ በስደት ኖረ፤ «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙም በአማርኛ አንባቢ ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ዐረፈ፤ አጽሙም በባዕድ ምድር ቀረ። በጀርመን አገር ቈይተው የነበሩት ሥዕሎቹ ግን ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፥ በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ቤተ መዘክር ተከፈተ።

ዛሬ ቤተ መዘክሩ ሲጠራ የአባትየውም ስም አብሮ ይጠራል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይባላልና። የአለቃ ደስታን የብራና ሥራ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ በልጃቸው ላይ የደከሙት ድካም ግን ለሁሉ ተገልጧል። ከብራናው ሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የጠየቃቸው ሥራ እናት የሌለው ልጃቸው ነበረ።

በራያ ቆላ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያድግ ሕፃን በከሰል ወይም በሸክላ ስባሪ ድንጋይ ላይ መስመር ሲያሠምር ቢታይ፥ አባት ሥራ ፈት ብሎ አይገሥጸው፤ ካህኑም ከቅጽሩ አያባርረው። ቀርቦ ብርዕ ያስይዘው፤ ቀለምንም ያሳየው። ኢዮቤልዩውን ያከበረ ደብር የሚቀጥለውን ሃምሳ ዓመት የሚጠብቅለት፥ ግድግዳው ሲያረጅ ሥዕሉን የሚያድስለት ልጅ ያስፈልገዋልና።

ስማቸው የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፤ አሜን።