ቁምሳ፦ ለ«ብረንች» የሚሆን የአማርኛ ስም

ብረንች የዘገየ ቁርስና የቀደመ ምሳ በአንድ ገበታ የሚገናኙበት ማዕድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ይበላል። አንዱ እንቁላልና ቡና፣ ጎኑ የተቀመጠው ደግሞ በርገር ቢያዝዝ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ሰዓቱ ለሁለቱም ይፈቅዳል።

ቃሉ የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ጋይ ቤሪንገር የተባለ ጸሐፊ በ1895 እ.ኤ.አ. «ሀንተርስ ዊክሊ» በተሰኘ መጽሔት ላይ ተማጽኖ አቀረበ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላው ከባድ ምግብ ይቅርና እኩለ ቀን ገደማ በሻይ ወይም በቡና ተጀምሮ ወደ ጠንከር ያለው የሚሻገር ማዕድ ይተካው አለ። ቅዳሜ ያመሸ ሰው በጠዋት ከመነሳት ይገላገላል፣ ገበታውም ጨዋታ ይደምቅበታል ሲል ተከራከረ። ስሙም ከ«ብሬክፋስት» ራሱን፣ ከ«ላንች» ጅራቱን ወስዶ የተገጣጠመ ነው።

ማዕዱ እኛም ዘንድ ደርሷል። የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች የእሁድ ብረንች ያዘጋጃሉ፤ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቀጠሮ ሲይዙ «እሁድ ብረንች እንገናኝ» ይባባላሉ። ጽሕፈቱ ግን ገና አልረጋም። አንዱ ብረንች፣ ሌላው ብራንች ይለዋል። «ብራንች» ደግሞ በከተማ አማርኛ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ስላለው ምግብ ቤት እያወሩ «ብራንቹ ጥሩ ነው» ያለ ሰው ምግቡን ይሁን ሰፈሩን እንዳመሰገነ አይታወቅም።

የአማርኛው ቃል ግን እጃችን ላይ ነው። ቁርስ ዘለው ቁርሱንም ምሳውንም ባንድ ጊዜ የሚበሉ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች «ቁምሳ» ይሉታል፤ «ቁርስ» መጀመሪያውን ሰጠ፣ «ምሳ» ሙሉውን ገባ። ቤሪንገር በመጽሔት ለማስለመድ የደከመበትን ዓይነት ቃል የእኛ ልጆች ያለ ማንም ትእዛዝ ሠርተውታል። አጭር ነው፣ ለአፍ ይመቻል፣ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ፍቺውን አይጠይቅም። «የረፋድ ማዕድ» የሚሉም አሉ፤ ለግብዣ ካርድ ያምራል፣ ግን ስልክ ደውሎ «የረፋድ ማዕድ እንብላ» የሚል ጓደኛ የለኝም።

በቁምሳ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አቅልዬም አላየውም። ቁምሳ የኑሮ ውድነት ቃል ነው ይባላል። ቁርሱን የተወው ኪሱ ስላልፈቀደለት ነው፤ ብረንች ግን የደላው ሰው ማዕድ ነው፤ ታዲያ የችግሩን ስም ለድሎቱ መስጠት ተገቢ ነው ወይ? እኔ ተገቢ ነው እላለሁ። ምክንያቴን የብረንች ገበታ ከሚታወቅባቸው ምግቦች በአንዱ፣ በዶሮና ዋፍል ላሳይ።

ዋፍል ከዱቄት፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከቅቤ በተመታ ሊጥ፣ ሁለት ፊት ባለው የጋለ ብረት መሃል የሚጋገር ነው። ብረቱ በሁለቱም ገጹ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ እያደረገ ስለሚያትምበት መልኩ የማር እንጀራ ይመስላል። ፔንስልቬኒያ የሰፈሩ የጀርመን ዘሮች ከጥንት ጀምሮ የተቀቀለ ዶሮ ከነመረቁ እያፈሰሱበት ይበሉት ነበር። ዛሬ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ዶሮ ግን በዘይት የተጠበሰ ነው፤ የእሱም ታሪክ ከጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ አይነጠልም። በባርነት ዘመን ብዙዎቹ እንዲያረቡ ይፈቀድላቸው ከነበሩት ጥቂት እንስሳት አንዷ ዶሮ ነበረች። ከነጻነት በኋላም በቨርጂኒያዋ ጎርደንስቪል ከተማ ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ በትሪ ተሸክመው ባቡር ጣቢያው ላይ በመስኮት ለተሳፋሪ ይሸጡ ነበር። በዚህ ንግድ ባገኙት ገንዘብ ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያሳደጉ አሉ።

ሁለቱን በአንድ ሳህን ስመ ጥር ያደረገው የኒው ዮርኩ ሀርለም ነው። ጆሴፍ ዌልስ በ1938 እ.ኤ.አ. በከፈተው ምግብ ቤት የጃዝ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ጨርሰው የሚመጡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። እራት አልፏል፣ ቁርስ ገና አልደረሰም። ከእራቱ ዶሮውን፣ ከቁርሱ ዋፍሉን ያገናኘላቸው ይህ የተዛባ ሰዓት ነው። የሰው ሁሉ የምግብ ሰዓት ያልገጠማቸው ሠራተኞች የበሉት ምግብ ነው ዛሬ የእሁድ መዝናኛ የሆነው። ቁምሳም በዚያው መንገድ ቢሄድ ምን ያሳፍረዋል? እንዲያውም ቁርሱን ዘሎ የሚማረው ልጅ የፈጠረው ቃል በክብር ገበታ ላይ ሲነበብ ማየት ያስደስተኛል።

የሀርለም ተወላጁ ኸርብ ሀድሰን ምግቡን ወደ ምዕራብ ወስዶ በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ «ሮስኮስ ሀውስ ኦፍ ችክን ኤንድ ዋፍልስ»ን ከፈተ። ቤቱ ዛሬ ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ላይ በርካታ ቅርንጫፎች አሉት። ከነዚህም አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈራችን ብዙም አይርቅም። ፌርፋክስ ላይ ሽሮና ክትፎ የለመደ ሰው ለአንድ እሁድ ወደ ሮስኮስ ጎራ ቢል አይቆጭም።

ሳህኑ ሲቀርብ ዋፍሉ ከታች ተዘርግቶ ቅቤው መሃሉ ላይ ይቀልጣል፣ የዶሮው ክንፍ ወይም ታፋ ከላይ ወይም ከጎን ይቀመጣል። ለእኛ አፍ የሚከብደው አብሮ የሚፈሰው ጣፋጩ ሽሮፕ ነው። ዶሮን በበርበሬና በሽንኩርት ቁሌት፣ በንጥር ቅቤ፣ ለዓመት በዓል ለምናውቅ ሰዎች ጣፋጭ ነገር ከሥጋ ጋር መጉረስ ከልማዳችን ውጪ ነው። ስለዚህ ሽሮፑን መጀመሪያ ዋፍሉ ላይ ብቻ አፍስሱት። ጉድጓዶቹ ይይዙታል፣ ወደ ዶሮው አይፈስም። ከዚያ ከዶሮው ቅርፊት ቆንጥሮ፣ ከዋፍሉ ቆርሶ፣ በሚያቃጥል ድልህ ነካ አድርጎ አንድ ላይ መጉረስ ነው። መጀመሪያ ጨውና ቅባት፣ ቀጥሎ ጣፋጩ፣ መጨረሻ ላይ ማቃጠሉ ይመጣል። ጥሩ የተጠበሰ ዶሮ ቅርፊቱ ሽሮፕ ነክቶትም ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል፤ ካላለ ዘይቱ አልጋለም ነበር ወይም ምግቡ ቆይቷል። እጅ መጠቀም ነውር የለውም፤ ክንፍ በሹካ አይበላም።

የሚጾም ሰው ግን ይጠንቀቅ። ዶሮውን ትቶ ዋፍሉን ብቻ ልብላ ቢልም ሊጡ እንቁላልና ወተት አለበት። በሁዳዴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቁምሳ የሚያምረው ሰው ወደ ፌርፋክሱ በያይነቱ ቢመለስ ይሻለዋል፤ እሱም በዚያ ሰዓት ከተበላ ቁምሳ ነው።

በጽሑፍ ስንጠቀምበት «ብረንች እንብላ» የነበረው «ቁምሳ እንብላ»፣ የሆቴሉ «ሰንደይ ብረንች» «የእሁድ ቁምሳ» ይሆናል። ዋፍልን ግን መተርጎም አያስፈልግም፤ እንደ ፓስታና ፒዛ በስሙ ይግባ። የምግብ ዝርዝር ለሚያዘጋጅም «ዶሮ በዋፍል» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል፤ ከሥሩ «ቁምሳ፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት» የሚል ቢጨምርበት ደንበኛው መቼ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።