የጭድ እሳትና የሰማይ መስፈሪያ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ ጭድ ተራ የሚባል ሠፈር አለ። መርካቶ የተቋቋመው ኢጣሊያ ከ1936 እስከ 1941 (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) አዲስ አበባን ይዛ በቆየችበት ጊዜ፣ የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው። የጭድ ተራም ስም እንደ ብዙዎቹ ተራዎች ከሚሸጥበት ዕቃ የመጣ ነው። ጭድ ገዢ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለት ጆንያ ጭድ ለዓይን እኩል ቢመስሉም፣ አንዱ የታጨቀ፣ ሁለተኛው የላላ ሊሆን ስለሚችል፣ በማየት ብቻ ዋጋ መቍረጥ እንደማይገባ ነው። የዓለምን ስፋት ለመለካት የተነሡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ይህንኑ ትምህርት በብዙ ድካም ተምረውታል። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

እንደ ፀሓይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው እምብርቱ ነጭ ድንክ ኮከብ ይባላል። መጠኑ ምድርን ያህላል፤ ክብደቱ ግን ወደ ፀሓይ ይጠጋል። የሕንድ ተወላጅ የሆነው ሱብራማንያን ቻንድራሴካር በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንዳሰላው፣ የዚህ ኮከብ ክብደት ከፀሓይ ክብደት 1.4 እጥፍ ገደማ ሊያልፍ አይችልም። ድንኩ ኮከብ ከጎረቤቱ ኮከብ ጋዝ እየሳበ፣ ወይም ከሌላ ድንክ ጋራ ተጋጭቶ ሲፈነዳ፣ ለጥቂት ሳምንታት በቢሊዮን የሚቈጠሩ ፀሓዮችን ያህል ያበራል። በ1006 በግብፅ ዓሊ ኢብን ሪድዋን፣ በ1572 ደግሞ በዴንማርክ ቲኮ ብራሄ አይተው የመዘገቧቸው እንግዳ ከዋክብት እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች እንደ ነበሩ ዛሬ ታውቋል።

መብራት በእጥፍ ሲርቅ ብርሃኑ ወደ አራተኛ እጅ ስለሚወርድ፣ የአንድ ኮከብ እውነተኛ ብርሃን ከታወቀ ርቀቱ በስሌት ይገኛል። እነዚህም ፍንዳታዎች ሁሉ እኩል ያበራሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በ1991 የታዩ ሁለት ፍንዳታዎች ይህን አሳብ አናጉት፤ አንደኛው ከሚጠበቀው በላይ ደማቅ፣ ሁለተኛው እጅግ ደብዛዛና ቶሎ የሚከስም ሆኖ ተገኘ። መስፈሪያው ራሱ እኩል ካልሆነ፣ በእርሱ የተሰፈረው ሁሉ እንዴት ይታመናል?

የሩስያው ዩሪ ፕስኮቭስኪ በ1977 ጠቍሞት የነበረውን መልስ በ1993 አጥርቶ ያሳየው በቺሌ አገር ይሠራ የነበረው ማርክ ፊሊፕስ ነው። እርሱም ዘጠኝ ፍንዳታዎችን መርምሮ፣ እያንዳንዱ ከደመቀበት ቀን በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደ ደበዘዘ ለካ። ቶሎ የሚደበዝዘው ብርሃኑ ያነሰ፣ ቀስ ብሎ የሚደበዝዘውም ብርሃኑ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ጭዱን ምሳሌ ብናደርግ፣ እፍኝ ጭድ ሲለኰስ ብርሃኑም ትንሽ፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ ክምሩ ሲያያዝ ግን አብዝቶ ያበራል፤ እስኪከስምም ይቈያል። በኮከቡ ዘንድ የማገዶውን ቦታ የሚይዘው በፍንዳታው የሚፈጠረው ኒኬል ነው፤ እርሱም ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም ወደ ብረት እየተለወጠ ብርሃን ይሰጣል።

ይህ እርማት ያስገኘው ፍሬ ታላቅ ነው። በ1998 በሶል ፐርልሙተር የተመራው ቡድንና ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ የነበሩበት ሌላው ቡድን፣ የሩቆቹ ፍንዳታዎች ከተጠበቀው አንድ አምስተኛ ያህል ደብዝዘው አገኟቸው። ስለዚህ የዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ ታወቀ፤ ሦስቱም ሊቃውንት በ2011 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ፍንዳታዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ከዚህ አንድ አምስተኛ የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ እርማቱ ባይኖር ኖሮ ግኝቱ በስሕተት ውስጥ ተሰውሮ በቀረ ነበር።

ሥራው ግን አላለቀም። በካሊፎርኒያ ከፓሎማር ተራራ ከ2018 እስከ 2020 የታዩ 3628 ፍንዳታዎች መዝገብ በ2025 ታትሞ ወጥቷል፤ ኮከቡ የሚኖርበት የከዋክብት ጭፍራ ዓይነትም እርማት እንደሚጠይቅ ተረጋግጧል። መስፋፋቱን የሚያፋጥነው ስውር ኀይል ጸንቶ የሚኖር ይሁን ወይም የሚለዋወጥ፣ ክርክሩ ገና እንደ ቀጠለ ነው። ፍርዱም በዚሁ መስፈሪያ ትክክለኛነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከጭድ ተራ በስተሰሜን፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቅርብ የሆነን ፍንዳታ ሌሊት በሌሊት ለመከታተል ይበቃል። የከተማው መብራትና የክረምቱ ደመና ሥራውን ቢያከብዱትም፣ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች። እንግዲህ ባለሥልጣኖቻችን ምርምሩን በመደገፍ፣ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ጠንቅቆ መለካትንና መመዝገብን በማስተማር ቢተባበሩ፣ የአገራችን ልጆች በዚህ ታላቅ ክርክር ውስጥ የራሳቸውን ምስክርነት ይዘው ለመቅረብ ይችላሉ።