ከመጋረጃው ጀርባ፦ ዴጋ የሳላቸው የባሌት ተወዛዋዦች

በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት መዲና በኮሎምበስ የሚገኘው የኪነ ጥበብ ሙዚየም፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ኦጉስት ሬኗር በ1870ዎቹ (እአአ) አጋማሽ የሳለውን የአንዲት ተዋናይት ምስል ይዟል። ኦንሪየት ኦንሪዮ የምትባለው ይህች የፓሪስ ተዋናይት፣ ወንድ አሽከር ሆና የምትጫወትበትን የመድረክ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ሥዕሉ ሊታይ የተዘጋጀ ሰው ሥዕል ነው።

ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በሚገኘው የሲንሲናቲ የኪነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የዚያው ዘመን ሥዕል ግን ከዚህ ይለያል። “ተወዛዋዧ በልብስ መቀየሪያ ክፍሏ” የተሰኘው ይህ ሥራ፣ ኤድጋር ዴጋ በ1879 ገደማ ፓስቴል በተባለው ደረቅ ቀለም የሠራው ነው። ሥዕሉ ጠባብና ረዥም በመሆኑ ተመልካቹ ገርበብ ባለ በር አጮልቆ የሚያይ ይመስለዋል። ተወዛዋዧ ለመድረክ እየተዘጋጀች ነው።

ዴጋ በ1834 በፓሪስ ከባለጸጋ የባንክ ቤተሰብ ተወለደ። በ1874 ከክሎድ ሞኔ፣ ከሬኗርና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ በኋላ “ኢምፕሬሽኒስት” የተባለው ቡድን የመጀመሪያ ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቹን አቀረበ። ስያሜውን ግን አልወደደውም፤ ራሱን የሚቆጥረው እውኑን ዓለም እንደሚስል ሠዓሊ ነበር። ባልደረቦቹ የፀሐይ ብርሃንን ፍለጋ ወደ ሜዳና ወንዝ ዳር ሲወጡ፣ እሱ የመረጠው የፓሪስ ኦፔራን የልምምድ ክፍሎችና በጋዝ መብራት የሚደምቀውን መድረክ ነው። በ1917 ሕይወቱ እስካለፈበት ጊዜ ድረስ ስለ ተወዛዋዦች የሠራቸው ሥዕሎች፣ ንድፎችና ቅርጾች ከ1 ሺህ በላይ ናቸው።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ትርዒቱ ራሱ ጥቂት ቦታ ብቻ አለው። የሚበዙት ጫማቸውን የሚያስሩ፣ እግራቸውን የሚያፍታቱ፣ የሚያዛጉና ተራቸውን የሚጠብቁ ልጃገረዶች ናቸው። በክሊቭላንድ የኪነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘውና በ1895 አካባቢ የተሠራው፣ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥዕልም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን የሚያስተካክሉ ተወዛዋዦችን ያሳያል።

ሥዕሎቹ በድንገት የተያዘ ቅጽበት ቢመስሉም በጥንቃቄ የተቀነባበሩ ናቸው። ዴጋ ተወዛዋዦችን እየከፈለ ወደ ሥራ ክፍሉ ያስመጣል፤ በንድፍ ያሰፍራቸዋል፤ ከዚያም ከትዝታና ከምናብ ጋር ያዋህዳቸዋል። እንዲያውም ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በዓይኑ ሳያይ ብዙ የዳንስ ፈተናዎችን መሳሉ እንደሚያሳፍረው ገልጾ፣ የመግቢያ ፈቃድ እንዲያገኝለት ጠይቆት ነበር።

የመድረኩ ጀርባ የሥራ ቦታ ብቻ አልነበረም። ለኦፔራው ቋሚ ክፍያ የሚፈጽሙ ሀብታም ወንዶች፣ ተወዛዋዦቹ ሰውነታቸውን ወደሚያሟሙቁበት አዳራሽ የመግባት መብት ነበራቸው። “ትናንሽ አይጦች” የሚል ቅጽል የወጣላቸው ታዳጊ ተማሪዎች በአብዛኛው ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ሲሆኑ ገቢያቸው አነስተኛ ነበር። የባለጸጋ ደንበኛ ድጋፍ የሙያ ዕድገት ሊያስገኝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በምላሹ ወሲባዊ ግንኙነት ይጠየቅበታል። ዴጋ ይህን በቃል ባያወግዝም ከሥዕሎቹ አላወጣውም። በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም በሚገኘውና በ1876 አካባቢ በተሠራው “ኮከቧ” በተሰኘው ሥዕል፣ ዋናዋ ተወዛዋዥ በብርሃን ተጥለቅልቃ እጇን ስትዘረጋ፣ ከኋላዋ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ወንድ ቆሟል፤ ፊቱ በመድረክ ጌጡ ተጋርዷል።

ከእነዚህ ታዳጊዎች መካከል ስሟ ከታወቀው አንዷ ማሪ ቫን ጎተም ናት። በ1865 የተወለደችው ማሪ የልብስ አጣቢ ልጅ ስትሆን፣ በ1878 ወደ ኦፔራው የዳንስ ትምህርት ቤት ገባች። ዴጋ እሷን ሞዴል አድርጎ በሰም የሠራው “የ14 ዓመቷ ትንሿ ተወዛዋዥ” የተሰኘ ቅርጽ በ1881 ለእይታ ቀረበ። ቅርጹ እውነተኛ የጨርቅ ቀሚስና የፀጉር ሪባን ነበረው። አንዳንድ ሐያስያን አስቀያሚ ብለው ነቀፉት፤ የልጅቷን ገጽታም ከእንስሳ ጋር አመሳሰሉ። ማሪ በቀጣዩ ዓመት ከኦፔራው ተሰናበተች። ዴጋ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያሳየው ብቸኛ ቅርጽ ይኸው ሲሆን፣ እሱ ከሞተ በኋላ በነሐስ ተባዝቶ ዛሬ በበርካታ ታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ በሲንሲናቲው ሥዕል ላይ ያለው ገርበብ ያለ በር የአሣሣል ስልት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ወደ ተወዛዋዦች የግል ቦታ ዘልቆ ማየት የሚችለው፣ ገንዘብ የከፈለ ወይም ልዩ ፈቃድ ያገኘ ወንድ ነበር። ሠዓሊው የዛሬውን ተመልካች ያቆመውም እዚያው ስፍራ ላይ ነው።