ነፋስ ስልክ ላይ ውኃ በስንት ይፈላል?

የሰፈራችንን ስም ፈታ አድርጋችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? “ስልክ” ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚያ ሽቦ ማለት ነው። ነፋስ ስልክ እንግዲህ ሽቦው ነፋስ የሆነ ስልክ መሆኑ ነው፤ ዛሬ “ገመድ አልባ” የምንለው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ1927 ዓ.ም. 1 ኪሎ ዋት ኃይል ባላት ማሠራጫ ሥራ የጀመረው በዚሁ ሰፈር ነው። በነገራችን ላይ የሬዲዮ ሞገድ ነፋስ አያስፈልገውም፤ ጭራሽ አየር በሌለበት ሕዋም ይጓዛል። ግን ያለ ሽቦ ድምፅ የሚያደርስ ነገር ከነፋስ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔ ስም ባወጡት ሰዎች አልፈርድም።

የዛሬው ጉዳዬ ሬዲዮው ሳይሆን ነፋሱ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የነፋሱ ክብደት። የአየር ግፊትን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ የአየር ግፊት ደግሞ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሸመደድን፣ ፈተና ላይ አከበብን፣ አለፍን። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ለሚኖር ሰው። ላፍቶና ጀሞ ላይ ግን አይሠሩም። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የሜርኩሪውም ከፍታ ከ580 እስከ 590 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በባሕር ጠረፍ ሰው ላይ ከተጫነው አየር ሩቡ ያህል ለእኛ ተቀንሶልናል።

እስቲ አስቡት፤ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቤቷ ውኃ አፍልታ፣ ቴርሞ ሜትር ከታ፣ 93 አንብባ ክፍል ውስጥ ብትናገር ምን የምትባል ይመስላችኋል? “ተሳስተሻል፣ ደግመሽ ለኪ።” ልጅቷ ግን ልክ ናት፤ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሌላ ቦታ ነው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዐይኗ ያየችውን ትታ የተጻፈውን ማመን የምትጀምረው ያን ቀን ነው።

አስቂኙ ነገር፣ የአየር ግፊት ታሪክ ራሱ የተጀመረው የተጻፈውን ባለማመን ነው። በአውሮፓ “ተፈጥሮ ባዶ ቦታ ትጠላለች” የሚል ከጥንት ግሪኮች የወረደ ትምህርት ነበር። ፓምፕ ውኃ የሚስበው ተፈጥሮ ባዶውን ለመሙላት ስለምትቸኩል ነው ይባል ነበር። ችግሩ የጣሊያን የውኃ ሠራተኞች ፓምፓቸው ከ10 ሜትር ብዙም አላልፍ እያለ አስቸገራቸው። ተፈጥሮ ባዶ ቦታ የምትጠላው እስከ 10 ሜትር ብቻ ነው እንዴ? ጋሊሊዮ ይህንን ጉዳይ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳዋል፤ መልሱን ግን አላገኘውም። ያገኘው ቶሪቼሊ ነው። በ1643፣ እዚህ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው፣ በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ተገልብጦ ሳህን ላይ ሲቆም ሜርኩሪው 76 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀጥ አለ። ውኃውንም ሜርኩሪውንም የሚስበው የለም፤ ከውጭ ያለው አየር ነው ወደ ላይ የሚገፋው። ቶሪቼሊ በአንድ ደብዳቤው የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው የሚል ሐሳብ ጽፏል።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን በ1648 የሆነውን ነው። ፓስካል “የአየር ባሕር ከሆነ፣ ተራራ ላይ ብንወጣ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት አለበት” ብሎ አሰበ። እሱ ሕመምተኛ ስለነበር የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ላከው። ፔሪዬ መስከረም 19 ቀን ክሌርሞን ከተማ ውስጥ ሁለት ቱቦ አዘጋጀ፤ አንዱን ገዳም ግቢ ውስጥ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው ተወው፤ ሌላውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለው ተራራ ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ታች ያለው ግን ንቅንቅ አላለም። መነኩሴው ባይኖር ኖሮ “የቀኑ አየር ተለውጦ ይሆናላ” የሚል ተከራካሪ አይጠፋም ነበር። ለልጆች ስለ ሳይንስ አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል የምነግራቸው ስለዚያ መነኩሴ ነው።

ታዲያ ይህንን ለመድገም ሜርኩሪም ሆነ ፈረንሳይ አያስፈልገንም። ፔሪዬ የወጣው ከፍታ 1,000 ሜትር ያህል ነው። ከላፍቶ እንጦጦ ደግሞ 800፣ 900 ሜትር ይሆናል፤ ያውም በታክሲ። ልጁን ይዛችሁ እንጦጦ ውጡ፤ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ከፍታችሁ ቆዩና እዚያው ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ሳትነኩት ይዛችሁት ውረዱ። ሰፈር ስትደርሱ ሆዱ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ማንም ሳይጨብጠው። እንጦጦ ላይ የታሸገው ስስ አየር ላፍቶ ያለውን ወፍራም አየር መቋቋም አቅቶት ነው። መነኩሴውን እንዳትረሱ፤ አንድ ሌላ ሃይላንድ እዚሁ ሰፈር ተዘግቶ ይቀመጥ። (ስሙም መግጠሙ! ሃይላንድ እኮ ደጋ ማለት ነው።)

የእኛ ተራሮችስ በዚህ መንገድ ተለክተው አያውቁም? በደንብ እንጂ። አንቷን ዳባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲዞር ከፍታ ይለካበት የነበረው አንዱ መሣሪያ የፈላ ውኃ ነው። ረጅም የመስታወት ቱቦ በበቅሎ ተጭኖ ገደል ለገደል ሲሄድ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ውኃና ቴርሞ ሜትር ግን ይችላል። 300 ሜትር ገደማ በወጣህ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውኃህን ጣድ፣ ዲግሪውን አንብብ፣ ተራራው ስንት እንደሆነ አስላ። እናቶቻችን ከእሱ በፊትም ያውቁታል፤ ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ከ93 አያልፍማ! የግፊት ድስት የሚያፈጥነውም ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ የባሕር ጠረፉን ግፊትና ከዚያም በላይ ኩሽናችን ውስጥ ያመጣልናል።

ሌላም አለን፤ ዋገምት። ዐዋቂው ቀንዱን ቆዳ ላይ ደፍቶ በጫፉ በኩል አየሩን በአፉ ሲመጠው ቆዳው ተነሥቶ ቀንዱ ውስጥ ይገባል። ሰዉ “ቀንዱ ሳበው” ይላል። ልክ እንደ ጣሊያኖቹ ፓምፕ፣ ቀንዱ ምንም አልሳበም፤ ቀንዱ ውስጥ ያለው አየር ስለቀነሰ ከውስጥ በኩል ያለው የሰውነታችን ግፊት ነው ቆዳውን ወደ ቀንዱ የገፋው። ፈውሱን ለሐኪሞች እተዋለሁ፤ ልጆች ቤት ውስጥ እንዲሞክሩትም አልመክርም። ግን የአየር ግፊት ትምህርት ከዋገምትና ከአንጥረኛው ወናፍ ቢጀምር ኖሮ የፈረንጅ ነገር ባልመሰለን።

የቤት ውስጥ ሙከራ የሚባለው ነገርም የራሱ ታሪክ አለው። ቶም ቲት በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አርቱር ጉድ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1890 ጀምሮ በጠርሙስ፣ በእንቁላል፣ በሹካና በቡሽ የሚሠሩ ሙከራዎችን ሰብስቦ አሳትሟል። ዓላማው ከእራት በኋላ ቤተሰብን ማዝናናት ነበር። ቁም ነገር የሆነው ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቶች ፈርሰው፣ ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ዩኔስኮ በጦርነት ለተጎዱ አገሮች የሳይንስ አስተማሪዎች ከቆርቆሮና ከጠርሙስ መሣሪያ መሥራት የሚያሳይ አነስተኛ መጽሐፍ አዘጋጀ። ያ መጽሐፍ በ1956 አድጎ ትልቅ የአስተማሪዎች መጽሐፍ ሆነ። ልብ በሉ፤ “መሣሪያ ስለሌለን ሙከራ አንሠራም” ለሚል ሰው መልሱ ከተሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

እኛ ግን በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ አመጣን። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት መጣ፤ ሙከራውን ሌላ ሰው ሠራው፣ እኛ አየነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም “ቆይ አንዴ” የማይባል አስተማሪ። ደግነቱን አልክድም፤ አስተማሪ በሌለበት ቦታ ጠቅሟል። ግን ቴሌቪዥን ውስጥ የተጨማደደ ቆርቆሮና እጅህ ላይ የተጨማደደ ቆርቆሮ አንድ አይደሉም።

ቆርቆሮውን ለመሥራት ከፈለጋችሁ፤ ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ እሳት ላይ አድርጉት፤ እንፋሎቱ በደንብ ሲወጣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ቶሎ ድፉት። “ጧ!” ይላል። (ይህንን ትልቅ ሰው ይሥራው።) ለትንንሾቹ ደግሞ ብርጭቆ ውኃ ሞልቶ፣ ወረቀት ከድኖ መገልበጥ ነው። ወረቀቱን ማን ያዘው? እዚህ ከተማ አየር በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 800 ግራም ያህል ይጫናል። አንድ የደብተር ገጽ ላይ ብታሰሉት ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ ጤፍ ነው። የማይሰማን ከታችም፣ ከጎንም፣ ከውስጥም እኩል ስለሚገፋ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሳህን ውኃ ላይ ሻማ አቁሞ ብርጭቆ መድፋት የታወቀ ሙከራ ነው፤ ሻማው ይጠፋል፣ ውኃው ወደ ውስጥ ይወጣል። “ኦክስጅኑ ስላለቀ ውኃው ቦታውን ተካ” የሚል ማብራሪያ በየመጽሐፉ ይገኛል። ልጁ ግን በደንብ እንዲያይ አድርጉት። ብርጭቆው ሲደፋ አረፋ ይወጣል፤ ውኃውም ሽቅብ የሚሮጠው በአብዛኛው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው። በሙቀት የተለጠጠው አየር ከፊሉ ያመልጣል፤ የቀረው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የውጩ አየር ውኃውን ይገፋዋል። ካላመናችሁ በሦስት ሻማ ድገሙት፤ ኦክስጅኑ ያው ነው፣ ውኃው ግን የበለጠ ይወጣል።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ “ግፊት የለውም” የሚለው ቃል ከማንም በላይ ይገባችኋል፤ ውኃው 4ኛ ፎቅ አይደርስም፣ ልጆች ጄሪካን ይሸከማሉ። ፓምፕ ለምን ላይ በረንዳ ላይ አይቀመጥም ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ቶሪቼሊን ንገሩት። እዚህ አገር አየር ውኃን መግፋት የሚችለው ቢበዛ 8 ሜትር ያህል ነው፤ 4ኛ ፎቅ ከዚያ በላይ ነው። የፈለገ ጎበዝ ፓምፕ ከላይ ሆኖ መሳብ አይችልም፤ ከታች ሆኖ መግፋት ነው ያለበት።

ውኃ ለማፍላት የምታስቡ፣ የምትገዙት ቴርሞ ሜትር ከ100 በላይ የሚያነብ ይሁን። የትኩሳት መለኪያው 42 ላይ ያበቃል፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ቴርሞ ሜትሩ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ፣ ውኃው በደንብ እስኪንተከተክ ጠብቁ። ያነበባችሁትን ልጁ በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ይጻፈው፤ ከነቀኑና ከነሰፈሩ።