ያልተከፈለበት ደረሰኝ

‹‹ደረሰኝ›› ሲባል ብዙዎቻችን ገንዘቡ የተከፈለ ይመስለናል። ቃሉ ‹‹ደረሰ›› ከሚለው ግስ የመጣ ነውና አይፈረድብንም። በንግዱ ዓለም ግን አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መክፈል የሚገባንን የሚያሳውቀውም ወረቀት፣ መክፈላችንን የሚመሰክረውም ወረቀት ደረሰኝ ይባላል። ስለዚህ በርእሱ ላይ ‹‹የእጅ በእጅ ሽያጭ›› ወይስ ‹‹የዱቤ ሽያጭ›› እንደሚል ማየት ግድ ነው። በዱቤ የተቆረጠ ደረሰኝ ዕዳውን እንጂ ክፍያውን አያረጋግጥም። ገንዘቡን ስትከፍሉ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ለብቻው ተቀበሉ፤ ይህን ቸል ማለት ወዳጆችን ያጣላል።

ፕሮፎርማ ከሁለቱም አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ከመግዛታቸው በፊት ከተለያዩ ነጋዴዎች ሰብስበው የሚያወዳድሩት የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ማኅተም ቢያርፍበትም ሽያጭ ተፈጽሟል ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቫት መስመር ነው። ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 10,000 ብር ከሆነ፣ 15 በመቶው 1,500 ተደምሮ ጠቅላላው 11,500 ይሆናል። ወደ ኋላ ሲሰላ ግን ብዙ ሰው ከ11,500 ላይ 15 በመቶ ይቀንስና 9,775 ያገኛል። ስሕተት ነው፤ ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው የሚገባው። የ225 ብር ልዩነት በአንድ ደረሰኝ ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ዓመቱን ሙሉ ሲደጋገም የአነስተኛ ነጋዴን ትርፍ ይበላል። ዋጋ ስትነጋገሩ ‹‹ቫትን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?›› ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ።