ከግድቡ ያልወደቀው ፌራዮ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ፌራዮ ነገር ላውጋችሁ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ከብዙዎች ገጣጥሜ የሠራሁት ሰው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለለትን የህዳሴ ግድብ፣ በጉባ ሐሩር ብረት ሲያስርለት ዓመታት ኖረ። ያን ረጅም ግንብ ወጥቶ ወርዶ፣ ጭረት ሳይነካው አሶሳ ገባ። እዚያ ግን ከጓሮው ማንጎ ዛፍ ወደቀ። ከማንጎ! የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ።

ጎረቤት "ወጌሻ ይጠራ" አለ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሌሊት ጣቶቹ አብጠው ቀዘቀዙ፣ ደነዘዙ። ሚስቱ ማሰሪያውን አላልታ ሳይነጋ ሆስፒታል አደረሰችው። ደም ያገደ እስር እጅ እስከማስቆረጥ እንደሚደርስ ሰምታ ነበርና። ጄሶው ስድስት ሳምንት ቆየ።

ሲፈታለት "ዳንኩ" አለ። ክንዱ ግን ቀጥኗል፤ አንጓው አይታጠፍ፣ የሻይ ብርጭቆ አይጨብጥ። ፊዚዮቴራፒ ሂድ ተባለ። መታሸት መስሎት ቅባት ይዞ ሄደ!

ባለሙያዋ በአገራችን ሙያውን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጣች ናት። ቅባቱን ወደ ጎን አድርጋ፣ አንጓው እስከየት እንደሚታጠፍ በመለኪያ ለክታ ጻፈች።

"ጋሼ፣ በእጅዎ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?"

"ፒንሳ መያዝ።"

እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስነክራ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ መዳፍ ማገላበጥ አሳየችው። "ቤትዎ በቀን ሦስት ጊዜ።"

"አንቺስ ምን ልትሠሪልኝ ነው?"

"እኔ አሳይዎታለሁ፣ እለካለሁ፣ አስተካክላለሁ። የሚሠሩት እርስዎ ነዎት።"

ቅር አለው። በማግስቱም አመመውና "አባባስሽብኝ" ሊላት ተመለሰ። አልደነገጠችም። መጠነኛ ሕመም ያለ ነው፤ አድሮ ካልበረደ ልኩን እንቀንሳለን፤ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ጣት ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ አለችው።

"መቼ ነው የምድነው ታዲያ?"

"ግድባችሁ በስንት ክረምት ሞላ?"

ሳቀ። የመጀመሪያው ሙሌት በ2012 ክረምት፣ አምስተኛው በ2016 አልነበር?

"የእርስዎ አምስት ክረምት አይፈጅም" አለችው፤ "ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ግን ይፈልጋል።"

ልኬቱ ቀስ በቀስ ጨመረ፤ ብርጭቆውን አነሣ። ፒንሳው ግን ገና እምቢ ይለዋል። አሁን እርጥብ ፎጣ እየጠመዘዘ ጉልበት ይሰበስባል። ቆጣሪዋ ሚስቱ ናት፤ አሥር ሳይሞላ አሥር ካለ፣ ከአንድ ታስጀምረዋለች።